ጅጅጋ ላይ ስም ልፍቅ የተነሣሁ ጊዜ

ሰው በሃያ ሦስት ዓመቱ ሁሉን ያውቃል። እኔማ ትንሽ ጨምሬም አውቅ ነበር። ትርሲት እባላለሁ፤ የፍቼ ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ የታሪክ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ አንድ የቆርቆሮ ሻንጣና አንድ ካርቶን መጽሐፍ በእህል መኪና አስጭኜ፣ ካራማራን ተሻግሬ ጅጅጋ ስገባ ከተማው እኔን ሲጠብቅ የኖረ ነበር የመሰለኝ። የተቀበለኝ ግን ንፋሱ ነው። ከመኪናው እግሬ መሬት ሳይነካ ሻሼን ከራሴ ላይ መንትፎ ወሰደው። አንዲት የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት በእግሯ ረግጣ ያዘችልኝና በሶማሊኛ አንድ ነገር ብላ ሳቀች። ምን እንዳለችኝ ዛሬም አላውቅም። ደግ ነገር እንዳልነበረ ግን ከሳቋ ገብቶኛል።

ጦርነቱ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የከተማው ግድግዳ በጥይት እንደተነደለ ነው፤ ሰዉ ግን ሱቁን ከፍቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ልኮ፣ ጫቱን ይዞ ወደ ኑሮው ተመልሷል። እኔ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ግቢ መሀል አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነበር። ጣሪያው ታድሶ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ነው። ከበሩ በላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ አንድ ትልቅ ጥርብ ድንጋይ፣ ማለትም ጉበኑ፣ «ይህን ቤት ቀኛዝማች አስናቀ አሠሩት» የሚል ተቀርጾበታል። አብዮቱ ሲመጣ ጽሑፉን በኖራ ለስነውት ነበር አሉ። የአብዮቱ ኖራ ግን የጅጅጋን ንፋስ አልቻለውም። ንፋሱ እየላጠ እየላጠ ቀኛዝማቹን ወደ ሥልጣናቸው መለሳቸው። ተማሪዎቹም ቤቱን «ቀኛዝማች» ነው የሚሉት።

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ስለ ባሪያ ንግድ እያስተማርኩ፣ የባሪያ ነጋዴዎቹ ቅፍለት ከመሀል አገር ተነሥቶ በጅጅጋ በኩል ወደ ዘይላ ወደብ እንዴት ይወርድ እንደነበር ሰሌዳው ላይ እየሣልኩ ሳለ፣ ሆዳን የምትባል ዝምተኛ ተማሪዬ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቀኛዝማች አስናቀም ባሪያ ይሸጡ ነበር። አያቴ ነው የነገረኝ።»

«አያትሽ በምን አወቁ?»

«ግመል ያከራያቸው ነበር» አለች ምንም ሳታፍር። «ታዲያ ስማቸው ለምን ቤተ መጻሕፍታችን ላይ አለ?»

እኔም ጠመኔዬን እንደ ጎራዴ ከፍ አድርጌ «እስከ ሐሙስ አይኖርም!» አልኩ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ያን ጊዜ እንኳን ጉበን ላስነሣ፣ ከመምህራን ክፍል ወንበር ለማውጣት የሦስት ሰው ፈቃድ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ወርቅነህ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ነገ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም ብለው ፊርማቸውን በእርሳስ ነው የሚፈርሙት። ጉዳዩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ትርሲት ልጄ፣ ድንጋዩ ስንት ዓመት ቆየ?»

«ስልሳ ሳያልፈው አይቀርም።»

«ታዲያ ያንቺ ዝውውር እስኪመጣ ምን አለበት ቢታገሥ?»

«ጋሽ ወርቅነህ፣ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍቱን ሊመርቁ ከሐረር እንግዶች ይመጣሉ። ሪባኑን ሲቆርጡ ቀና ቢሉ የሚያነቡት የባሪያ ፈንጋይ ባላባት ስም ነው።»

ይህን አላሰቡትም ነበር። መነጽራቸውን ገልብጠው አደረጉና «ኮሚቴ!» አሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ወርቅነህ፣ የፖለቲካውን መስመር የሚጠብቀው ካድሬ ጓድ ሙሉጌታ፣ የሒሳብ መምህሩ ዘሪሁን፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ደግሞ እኔ። ድንጋዩን ስለማንሣት ማብራሪያ እንዲሰጡም የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሙባረክ ተጠሩ። ጋሽ ሙባረክ ስልሳ የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። በጦርነቱ ከተማው እጅ ሲለዋወጥ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ግን ከወገባቸው አልተፈታም። በሁለት ነገር ይኮራሉ፦ አንድም ጠመኔ ጠፍቶባቸው ባለማወቁና እናታቸው የዘይላ ነጋዴዎች ልጅ በመሆናቸው።

መጀመሪያ አዲስ ስም ፍለጋ ተገባ።

«ካራማራ» አለ ጓድ ሙሉጌታ።

«ሻይ ቤቱ ካራማራ ነው» አለ ዘሪሁን። «የእግር ኳስ ቡድናችንም ካራማራ ነው። ጸጉር ቤቱም። ባለፈው ሳምንት የተወለደው የጎረቤቴ ልጅም።»

«ቀይ ኮከብ።»

«የቀበሌው ሱቅ።»

«ድል።»

«ዳቦ ቤቱ። ያውም ዳቦ የለውም።»

ጓድ ሙሉጌታ ፊቱን አጠቆረ። ዘሪሁን በበኩሉ «ቤተ መጻሕፍት ቁጥር አንድ» ይባል አለ። ጋሽ ወርቅነህ ስንት ቤተ መጻሕፍት እንዳለን ጠየቁት። «አንድ» አለ። «ስለዚህ በስሌት ትክክል ነው።»

ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ «ቀይ ፋና» ተባለና ሁሉም ደክሞት ተስማማ። ስሙ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይሰቀላል፤ የቀኛዝማቹ ድንጋይ ደግሞ ይነሣል።

«አይነሣም» አሉ ጋሽ ሙባረክ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። «ጉበን ነው። እሱን ብታወጡት ግድግዳው ይመጣል፣ ግድግዳው ከመጣ ጣሪያው ይከተላል።»

«እንግዲያው ፊደሉ በመሮ ይፋቅ» አለ ጓድ ሙሉጌታ።

የመፋቁን ሥራ የማስፈጸም ኃላፊነት በሙሉ ድምፅ ለእኔ ተሰጠኝ።

መሮውን ለመውሰድ ጋሽ ሙባረክን ተከትዬ ግምጃ ቤት ገባሁ። ወዲያው አልሰጡኝም። የጠመኔ ሣጥን ላይ ተቀመጡና በአገጫቸው ሌላ ሣጥን አሳዩኝ።

«መምህርት፣ ያ ድንጋይ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?»

«ከካራማራ ሥር ይሆናል።»

«ከካራማራ ሥር ነው። በምን መጣ?»

«በግመል?»

«ግመል እንዲህ ያለ ድንጋይ አይጭኑትም» አሉ። «ግመል ውድ ነው። በሰው ነው የመጣ። ስምንት ሆነው በወሳንሳ ተሸክመውት፤ አንዷ እናቴ ናት።»

ወደ እኔም ሳያዩ ቀጠሉ። እናታቸው ገና ልጅ ሳሉ ከምዕራብ፣ ስሙን በቅጡ ከማያውቁት አገር ተፈንግለው ወደ ዘይላ ሊሸጡ ይነዱ ነበር። ጅጅጋ ሲደርሱ ወባ ጣላቸው። ቅፍለቱ ትቷቸው ሄደ፤ ቀኛዝማቹ በርካሽ አስቀሯቸው። ነጻ ሲወጡ አንድ አረብ ልብስ ሰፊ አገባቸው፤ ጋሽ ሙባረክ ተወለዱ።

«ቀኛዝማች ሲጠሯት ምን ይሏት ነበር መሰለሽ? ‹ማን ሰጠ?› ነው የሚሏት። እሷ ደግሞ ከየትም ሆና ‹እግዜር ለጌታዬ!› ማለት አለባት። ስሟ ይኸው ነው። በተጠራች ቁጥር ዕቃ መሆኗን ራሷ ትመሰክራለች።» ቁልፎቻቸውን አንድ በአንድ ዳሰሱ። «እናቷ ያወጣችላት ስም ዳሼ ነው። ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ነገረችኝ።»

ከዚያ ተነሥተው መሮውን ከመደርደሪያ አወረዱና ደረሰኝ ዘረጉልኝ። «እዚህ ላይ ፈርሚ።»

አደራ አላሉኝም፤ ለማንም አትንገሪ አላሉኝም። የሃያ ሦስት ዓመት ሰው ደግሞ አደራ ካልተባለ አደራ መሆኑ አይገባውም።

ረቡዕ ጠዋት መምህራን ሁሉ ስለ እንግዶቹ አቀባበል ለመነጋገር ሲሰበሰቡ፣ እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ዛሬ ሳስበው ላብ ያሰምጠኛል። «ጓዶች!» አልኩ። ስለ ቅፍለቱ፣ ስለ ስምንቱ ተሸካሚዎች፣ ስለ «ማን ሰጠ» ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ቤተ መጻሕፍቱ «ዳሼ» ተብሎ እንዲሰየም ሐሳብ አቀረብኩ። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎኝ እጄን ዘርግቼ፣ «ልጇ ደግሞ እዚሁ መሀላችን ተቀምጠዋል!» ብዬ ጋሽ ሙባረክን አሳየሁ።

ጭብጨባ ነበር የጠበቅሁት። አንድ ሰው ሻይ ሲውጥ ተሰማ።

ጓድ ሙሉጌታ እስክሪብቶውን አነሣ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ሴትዮዋ ድንጋዩን የተሸከመችው ተቃውማ ነው ወይስ ታዝዛ?»

«ታዝዛ ነዋ! ባሪያ ናት!»

«እንግዲያው የትግል ታሪክ የላትም» አለና ጻፈ።

ጋሽ ሙባረክ የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ። እስከዚያ ቀን «መምህርት» ነበር የሚሉኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኔ የነገርኩሽ ስለ መሮው ነው፤ ለስብሰባ አልነበረም።»

ወጥተው ሄዱ።

ዘሪሁን ከስብሰባው በኋላ ግድግዳ ሥር ያዘኝ። ቀልደኛው ዘሪሁን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ይህ ከተማ ሰው አያት ቅድመ አያቱን እስከ አሥራ ምናምን ቤት የሚቆጥርበት ነው። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን የዘይላ ነጋዴ የልጅ ልጅ ሆኖ ኖረ። በዚያ አገባ፣ በዚያ ልጆቹን ዳረ፤ ሌላ ልጅ ሊድርም ነው። አንቺ በአንድ ትንፋሽ ጨረስሽው።»

የድንጋዩን ስም ገና በመሮ ሳልነካው የሰውየውን ስም ከሥጋቸው ላይ ፍቄዋለሁ። ወደ ግምጃ ቤቱ ሮጥኩ፤ ዘግተው ሄደዋል። ከሰዓት ወደ ቤታቸው ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ የከፈተልኝ የለም። ጅጅጋ ውስጥ ወሬ ንፋሱን ይቀድመዋል፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሁሉ እኔን የሚያይ ነበር የመሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት እንግዶቹ በአራት ሰዓት ይደርሳሉ ተብሏል። በሁለት ሰዓት ጋሽ ወርቅነህ እንደ እብድ ክፍሌ ድረስ መጡ።

«ራሱን ቆልፎበታል!»

ጋሽ ሙባረክ በማለዳ ሥራ ገብተው፣ ግምጃ ቤቱን ከውስጥ ቆልፈው ተቀምጠዋል። አብረዋቸው የተቆለፉት ደግሞ አርባ ወንበር፣ ቀዩ ጨርቅ፣ ሪባኑ፣ መቀሱ፣ የድምፅ ማጉያው፣ ባንዲራውና «ቀይ ፋና» የሚለው ሰሌዳ ናቸው። መላው የምረቃ በዓል ከብረት በር ጀርባ ነው።

ጓድ ሙሉጌታ በሩን ደበደበ። «ጓድ ሙባረክ! ይህ በሕዝብ ንብረት ላይ የተቃጣ አሻጥር ነው! በሩን እንሰብረዋለን!»

«ስበረው» አለ ድምፅ ከውስጥ። «መዶሻው እዚህ ነው ያለው።»

ጋሽ ወርቅነህ ለዘብ ብለው ገቡ። «ሙባረክ ወንድሜ፣ ወንበሩን እንኳ...»

«በዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ጠይቁ።»

ዘሪሁን ቅጽ ፈልጎ አመጣ። አርባ ወንበር፣ አንድ መቀስ፣ አንድ ሪባን ብሎ ሞላ፤ ጋሽ ወርቅነህ ፈረሙ፤ በበሩ ሥር ተላከ። ጥቂት ቆይቶ ወረቀቱ በመጣበት ተመልሶ ወጣ።

«ፊርማው በእርሳስ ነው። ተቀባይነት የለውም።»

እዚህ ላይ ነው የባለቤታቸው ድምፅ ከግቢው በር የተሰማው። ወይዘሮ ኻድራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ግዙፍ፣ ግርማ ያላቸው፣ ሲራመዱ የሚንሳፈፍ ቀሚስ የሚለብሱ ሶማሌ ናቸው። አማርኛቸው አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም። ተማሪው ሁሉ በመስኮት ወጣ። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፤ እማማ ኻድራ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ...»

«ዝም በይ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ኖርኩ፤ ወላሂ ሠላሳ ሁለት! ሰባት ልጅ ወለድኩለት። ለእኔ ያልነገረኝን መሮ ልትወስድ ለመጣች ልጅ ነገራት?»

ዓይኔን ገለጥኩ። ሴትዮዋ የተቆጡት በአማታቸው ባርነት አልነበረም። ሳይነገራቸው በመቅረታቸው ነው።

ወደ ብረቱ በር ዞሩና በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መቱት። ጓድ ሙሉጌታ ከመታው ሁሉ ይህ ይበልጥ ጮኸ።

«ዋርያ! አንተ ሰውዬ!»

ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ።

«እናቴ የዘይላ ናት አላልከኝም?»

ቀስ ብሎ፣ «ወደ ዘይላ እየሄደች ነበር» አለ ድምፁ።

ዘሪሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ወይዘሮ ኻድራም ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሳቅ ይሁን እንባ አላወቅሁም።

«ስማ። ያገባሁት አንተን ነው፤ ዘይላን አላገባሁም። ለጋብቻ ስትጠይቀኝ ወደ እናቴ አገር ወስጄ መርከብ አሳይሻለሁ ብለህ ዋሸኸኝ፣ እሱንም ይቅር ብዬሃለሁ። መርከብ አይተህ አታውቅም! እኔ የተናደድኩት ሌላ ነው። ሰባቱ ልጆቼ አያታቸው ማን እንደምትባል አያውቁም። እኔ አላውቅም። ይህች ልጅ ታውቃለች፣ ዳይሬክተሩ ያውቃል፣ ትናንት ከእኔ ጨርቅ የገዛች ሴትዮ ታውቃለች። አሁን ከአፍህ ልስማው። እናትህ ማን ትባላለች?»

ተማሪው ሁሉ ወደ በሩ ተጠጋ።

«ዳሼ» አሉ ጋሽ ሙባረክ።

«ዳሺ?»

«ዳሼ።»

«ዳሼ» አሉ ወይዘሮ ኻድራ፣ ጨርቅ በጣታቸው እንደሚዳስሱ ቃሉን ቀስ ብለው ሞከሩት። «ያምራል። ታዲያ ከአራት ሴት ልጅ አንዷን ዳሼ ሳንላት እንዴት ቀረን? ና ውጣ። ሰው ሁሉ ቆሟል።»

ቁልፉ ሲዞር ሰማን። ጋሽ ሙባረክ ወጡ። ሌሊቱን አለመተኛታቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል። እኔ ፊታቸው ሄጄ ቆምኩና አለቀስኩ።

«መሮውን አምጪ» አሉኝ።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ከተቱት።

«ስሙ አይፋቅም» አሉ ወደ ኮሚቴው ዞረው። «ስሙን ከፋቃችሁት ማን እንዳሸከማት ማን ያውቃል? ይቀመጥ። እኔ ከሥሩ እጽፋለሁ።»

ጓድ ሙሉጌታ አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት አጥር ላይ የተሰቀለ ተማሪ «መኪና! በካራማራ በኩል አቧራ!» ብሎ ጮኸ። የጓድ ሙሉጌታም አፍ ተመልሶ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሩጫ ነው። ተማሪው ወንበር ይሸከማል፤ ጋሽ ወርቅነህ ባንዲራ ይዘው ግራና ቀኝ ይላሉ፤ ጋሽ ሙባረክ መሰላል ላይ ወጥተው የሰሌዳውን ትራፊ ቀይ ቀለም በብሩሽ ይዘዋል፤ እኔ መሰላሉን ይዤ ፊደል እነግራቸዋለሁ።

«‹ሸ› የትኛው ነው? እንደ ‹ሰ› ሁለት ዓይነት ነው?»

«‹ሸ› አንድ ብቻ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ጻፉ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ቀዩ ጨርቅ ተጋረደበት። ላንድሮቨሩ ገባ። ሦስት እንግዶች ወረዱ፤ አለቃቸው ቅንድቡ በአቧራ የነጣ፣ የደከመው፣ ወፍራም ሰው ነበር። ሪባኑን ቆረጠ። ጋሽ ወርቅነህ ጨርቁን የሚጎትተውን ገመድ ሰጡት። ጨርቁ ወረደ። እንግዳው ቀና ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበ።

«ይህን ቤት ቀኛዝማች አስናቀ አሠሩት።» ግንባሩ ተኮማተረ። ከሥሩ ባለው ጠማማ ቀይ ጽሕፈት ቀጠለ። «ድንጋዩን የተሸከመችው ዳሼ ናት።» ቆም አለ። «ዳሼ ማን ናት?»

ጋሽ ወርቅነህ ወደ ጓድ ሙሉጌታ አዩ። ጓድ ሙሉጌታ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዲት ዳሼ በጭቁን ሴቶች የትግል ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ...»

«አማቴ ናት!» አሉ ወይዘሮ ኻድራ ከኋላ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እንግዳውም ዞረ።

«ምን ሠሩ?» አለ።

«ያን ድንጋይ ከካራማራ ሥር ተሸክማ አመጣችው። በግድ ነው። አንተ ትችላለህ?»

ጋሽ ወርቅነህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንግዳው ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር አየው። እንደገና አየው።

«አልችልም» አለ።

አጨበጨበ። መጀመሪያ ብቻውን ነበር፤ ቀጥሎ ዘሪሁን፣ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ። ጓድ ሙሉጌታም የትግል ታሪክ የላትም ብሎ የጻፈበትን ማስታወሻ በብብቱ ይዞ ከሁሉ አስበልጦ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። ጋሽ ሙባረክ አላጨበጨቡም። መሰላሉን አጣጥፈው ወደ ግምጃ ቤት መለሱት።

ይህን ስነግራችሁ ሁሉም በጭብጨባ አበቃ ብላችሁ እንዳታስቡ። ከዚያ በኋላ ለጋሽ ሙባረክ ሰላምታ የነሷቸው ሰዎች ነበሩ። የሴት ልጃቸው ጋብቻም ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ኻድራ ወደ ሙሽራው ቤተሰብ ሄደው ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ተቀምጠው ተመለሱ፤ ሠርጉም ሆነ። ምን እንዳሏቸው ብጠይቃቸው አልነገሩኝም። ጋሽ ሙባረክ ግን ቀለሙን ንፋስ እንዳይልጠው ብለው ለብዙ ሳምንት በትርፍ ሰዓታቸው መሰላል ላይ እየወጡ ፊደሉን በመሮ ቀረጹት። አንድ ቀን ከሥር ቆሜ፣ «ጋሽ ሙባረክ፣ ይቅር ብለውኛል?» አልኳቸው።

መሮውን አቁመው አሰቡበት። «ስሟን ስላስጻፍሽ አመሰግንሻለሁ» አሉ። «በሰው ፊት ስላወጣሽኝ ይቅር አላልኩሽም። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።» መልሰው መቅረጽ ጀመሩ።

እኔም ለየብቻ እንደያዝኳቸው እኖራለሁ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተማ አስተምሬአለሁ፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥርም የመንገዱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የአዳራሹ ስም ሲፋቅና ሲጻፍ አይቻለሁ። ኮሚቴ ውስጥ ሲያስገቡኝ አሁንም እገባለሁ፤ ክፉ ሰው በስሙ መከበር የለበትም ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ግን እጄን ከማውጣቴ በፊት የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እዚህ ተቀምጧል ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ፤ ካለም መጀመሪያ እሱን ለብቻው እጠይቀዋለሁ። ይህን ያስተማረኝ ማሠልጠኛው አይደለም።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ የሌላውን ጉበን ቀና ብላችሁ ከማንበባችሁ በፊት ወደየቤታችሁ ግቡ። እኔ በዚያ ዓመት ክረምት ፍቼ ገብቼ አባቴን ጠየቅሁት። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

«አባዬ፣ አያቴ ቤት ባሪያ ነበር?»

«ነበሩ» አለኝ። «አንደኛዋ ናት አዝላ ያሳደገችኝ። እናቴ ታምማ ስለነበር ጡትም ያጠባችኝ እሷ ናት።»

«ስሟ ማን ነበር?»

አባቴ ትዝታው እንደ ምስማር የማይነቀል ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ ብዙ አሰበ። ስለዚያ ቤት የሚያስታውሰውን ሁሉ እየጠራ ወደ ስሟ ለመድረስ ሞከረ፤ የበሩን አቅጣጫ፣ የጓሮውን ኮክ፣ የአያቴን አራት በቅሎዎች ስም ከነመልካቸው አንድ በአንድ ነገረኝ። ዳማ፣ ቦራ፣ ወርቄ፣ ሻንቆ።

የሷን ሲፈልግ ፀሐይዋ ከደጃፉ ላይ ዞረች።